የቆመ መኪና

ወንድሜን "ሥራ እንዴት ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። አሁን አይደለም፤ ድሮ፣ መኪናው በነበረ ጊዜ። ጭኑ ላይ የተቆረጠ ሱሪ ተከምሮ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከንፈሩ መሃል ስፒል ነክሶ፣ በሩ ላይ ደንበኛ ቆሞ "ኧረ የኔስ መቼ ነው የሚደርሰው?" እያለ ሲነዘንዘው ብትጠይቁት እንኳ መልሱ ያው ነው። ስፒሉን ከአፉ ያወጣና፣ ሰው እንደሞተበት ፊቱን አጥቁሮ፣ "ኤዲያ፣ ምን ሥራ አለ ብለህ ነው!" ይላል።

ውሸታም ሆኖ አይደለም። እንደ እሱ ያለ እውነተኛ ሰው አላየሁም፤ ከልብስ የተረፈች መዳፍ የምታህል ቁራጭ እንኳ አጣጥፎ ለባለቤቷ የሚመልስ ሰው ነው። ግን "ሥራ አለኝ" ብሎ መናገር ያሳፍረዋል፣ ያስፈራዋልም። አለኝ ካልክ ዓይን ይገባበታል። አለኝ ካልክ ዘመድ ሊበደር ይመጣል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አለኝ ካልክ የማዘጋጃ ቤቱ የግብር ገማቾች ይሰሙና የማይቻል ግብር ይጭኑብሃል። በየዓመቱ ወረቀታቸውን ይዘው ሲመጡ ወንድሜ "ምን ሥራ አለ" ይላቸዋል፣ እነሱም አያምኑትም፣ እንዳሻቸው ገምተው ይሄዳሉ። ዕድሜውን ሙሉ ይህንን ሲል ኖሮ አንድም ሰው አምኖት አያውቅም ነበር።

ከግድግዳው ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይም ያው ነው። ጠዋት ጠዋት ሁለቱም ሱቃቸውን ከፍተው በየደፋቸው ላይ ይቆማሉ።

"ጎረቤት፣ እንዴት አደርክ? ሥራ እንዴት ነው?"

"ምን ሥራ አለ ብለህ ነው! አንተስ ጋ?"

"እኔማ ዝንብ እሽ እያልኩ ነው የምውለው።"

ይህንን ተባብለው፣ ደስ ብሏቸው ይገባሉ። ከዚያ አንዱ እስኪመሽ ጭንቅላት ሲከረክም፣ አንዱ እስኪመሽ ሲሰፋ ይውላል። እኔ ጓዳ ሆኜ "እናንተ ሰዎች፣ እግዜር ሰምቷችሁ ያለችውንም እንዳይወስድባችሁ!" እላቸው ነበር። ይስቁብኛል።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። ጋሼ ነው የምለው። እሱ ደግሞ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላም "አንቺ ልጅ" ነው የሚለኝ። ትዳሬ ሲፈርስ አንድ ሻንጣ ይዤ ወደ አባታችን ቤት ተመለስኩ፤ እሱም ሚስቱ ሞታበት ብቻውን ነበር። ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ በእጄ እሰፋለሁ፣ ቀጠሮው አልፎበት ተቆጥቶ የመጣ ደንበኛ ሲኖርም ወጥቼ የምቆጣው እኔ ነኝ። አፌ አያርፍም። ጋሼ ዝም ይላል፣ እኔ የሁለታችንን ድርሻ እናገራለሁ፤ እንዲህ ተቻችለን ነው የኖርነው።

ቤታችን መንገድ ዳር ነው። የፊቱ ክፍል ስፌት ቤት፣ የኋላው ሁለት ክፍል መኖሪያ። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ነበር የሚቀመጠው፤ በእግር የሚረገጥ፣ ጥቁር፣ ከባድ። ፔዳሉ ላይ የጋሼ ቀኝ እግር የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ያበራል። ድምፁ ጓዳ ድረስ ይመጣል። ድምፁ ከጠፋ ወይ ክር ተበጥሷል፣ ወይ ደንበኛ ገብቷል፣ ወይ ጋሼ ወገቡን እያፍታታ ነው። እኔ ሰዓት አላስፈለገኝም፣ በሱ ነው ውዬ የማመሸው።

ነገሩ የተበላሸው ዓይኑን ሞራ የጋረደው ጊዜ ነው። መጀመሪያ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተው። ከዚያ ጥቁሩን ክር ከሰማያዊው መለየት አቃተው። ከዚያ ጣቱን ሰፋ። ያን ዕለት ዘጋነው። ዓይኑ ታክሞ እስኪበራለት ድረስ ስፌት ቤቱ ተዘግቶ ከረመ። በሩ ቢዘጋም ግብሩ አልተዘጋም። የቤቱ ግብር አለ፣ የንግዱ ግብር አለ፣ በዚያ ላይ ቅጣት፣ በቅጣቱ ላይ ወለድ። ማስጠንቀቂያው በመጣ ቁጥር እኔ አነብለታለሁ፣ እሱ "እሺ፣ ብቻ ዓይኔ ይዳንልኝ" ይለኛል። ዓይኑስ ዳነ። ዕዳው ግን ሮጠን የማንደርስበት ቦታ ሄዶ ነበር።

በዚህ መሃል ደግ ነገር ገጠመን። አንድ ሆቴል ለአስተናጋጆቹ በሙሉ ኮት ሊያሰፋ ፈለገ። ግዢውን የሚሠራው ሰውዬ የጋሼን እጅ ያውቅ ነበርና ጨርቁን በጥቅል በጥቅል አምጥቶ አወረደልን፣ ከነገበሩ፣ ከነቁልፉ። ኮቶቹ አልቀው ከተረከቡን ያቺን የተረገመች ዕዳ ከነወለዷ እንዘጋታለን፣ ሊተርፈንም ይችላል። ጋሼ ቆረጠ፣ መስፋት ጀመረ። ግድግዳው በሙሉ እጅጌ የሌለው ኮት ተንጠለጠለበት። ሲሰፋ ማፏጨት ሁሉ ጀምሮ ነበር። ጎረቤት ሲጠይቀው ግን ያው፣ "ምን ሥራ አለ ብለህ ነው!"

የፍርድ አስፈጻሚዎቹ እንደሚመጡ የተነገረን ያን ጊዜ ነው። ፍርድ አስፈጻሚ ማለት ግብር ያልከፈለ ሰው ቤት ገብቶ፣ የሚሸጥ የሚሸጠውን ዕቃ መዝግቦ፣ ለሐራጅ ጭኖ የሚሄድ ሰው ነው። ወረቀቱን በበሩ ሥር አሹልከውት ሄዱ። ቀኑን አንብቤ ነጠላዬን አነሳሁ።

ማዘጋጃ ቤት ሮጥኩ። ወረፋው ደረጃው ድረስ ወርዷል። ተራዬ ደርሶ መስኮት ላይ ያለችውን ልጅ ትንሽ ቀን ጨምሩልን ብዬ ብለምናት፣ "ከኛ እጅ ወጥቷል እናቴ" አለችኝ። እኔ እንደ አፌ ሁሉ እንባዬም ቅርብ ነው። አለቀስኩ። አንጀቷን በላሁት መሰለኝ ጎንበስ ብላ፣

"ወንድምሽ ሥራው ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ልብስ ሰፊ ነው።"

"እንግዲያው መኪናውን አይወስዱበትም፣ አይዞሽ። ሰው የሚተዳደርበትን የሥራ መሣሪያ ሕጉ አያስነካም። የሚሠራበት ከሆነ ነው ታዲያ። እንዲሁ የተቀመጠ ከሆነ እንደ ቁም ሳጥን፣ እንደ ቴሌቪዥን ነው፣ ይጫናል።"

እንባዬን እየጠረግኩ ሳቅሁ። ሳይሠራበት መስኮት ሥር የስፌት መኪና የሚገትር ማን ሞኝ አለ? እየበረርኩ ቤት ገባሁና "ጋሼ! መኪናህን አይነኩም! ሌላውን ይጫኑት፣ ኮቶቹን ጨርስልኝ እንጂ አዲስ እንገዛለን!" አልኩት። ፔዳሉን ለቀቀ። እጁን መኪናው ላይ አሳረፈና ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰ። "ተመስገን" አለ። ከዚያ ወዲያ አልፈራም።

እኔ ግን እኔ ነኝና አርፌ መቀመጥ አልቻልኩም። መኪናው ቢተርፍ ጨርቁስ? ጨርቅ መሣሪያ አይደል። የሆቴሉ ነው ብላቸው ማን ይሰማኛል? ጭነውት ቢሄዱ በዕዳችን ላይ የሆቴሉም ዕዳ ሊጨመርብን ነው። ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው አመሻሽ ላይ ኮቶቹን ከግድግዳው ማውረድ ጀመርኩ።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ልትሆኚ ነው?"

"ጎረቤት ጋ ላስቀምጣቸው ነው።"

"ተይው። የሰው ነው ብለን እንነግራቸዋለን።"

"ማን ያምንሃል ጋሼ? አንተን ማን አምኖህ ያውቃል?"

እኔ ኮቱን፣ ጥቅሉን፣ ገበሩን፣ ቁልፉን፣ የተቆረጠውን እጅጌ ሁሉ እያቀፍኩ ፀጉር አስተካካዩ ጋ አመላለስኩ። ከመስተዋቱ ጀርባ ያለችው ጓዳው እስከ ጣሪያዋ ሞላች። ተመልሼ ስፌት ቤቱን ጠረግኩ። የክር ብጣሽ፣ የጨርቅ ቁራጭ፣ ስፒል፣ አንድ ሳላስቀር ለቀምኩ። ወለሉን በውሃ ወለወልኩ። መኪናውንም ክዳኑን አለበስኩት፤ ሰው ፊት ደህና ሆነን እንታይ ብዬ። ስፌት ቤታችን እንደዚያ ቀን ጸድቶ አያውቅም። እጄን ቁርጥማት በያዘው!

ጠዋት ሁለት ሆነው መጡ። አንዱ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ቢጤ ነው፣ አንዷ ጎልማሳ ሴት፣ ወረቀት ደግፋ የምትጽፍበት ሰሌዳ ይዛለች። ተሸካሚዎቹ ውጭ የጭነት መኪናቸው ላይ ተቀምጠዋል። እኔ የጠበቅኩት በር የሚገፋ፣ የሚጮህ ሰው ነበር፤ ለሱ የሚሆን ስድብ ስሰበስብ ነው ያደርኩት። እነሱ ግን ጫማቸውን በሩ ላይ ጠረጉ። ሽማግሌው "እንዴት አደራችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልን፣ ሥራ ሆኖብን ነው" አለ። ጋሼ ወንበር ሳበለት። ስድቤ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ሴትዮዋ ከጓዳ ጀመረች። ቁም ሳጥኑን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ማቀዝቀዣውን መዘገበች። በየአንዳንዱ ላይ ተለጣፊ ወረቀት ስትለጥፍ እኔ ከኋላዋ እየተከተልኩ "እሱ በሩ አይገጥምም፣ ያ ድምፅ እንጂ ምስል የለውም" እላታለሁ። አልተቆጣችም። ከዚያ ስፌት ቤት መጥታ ቆማ ከወረቀቷ ላይ እያነበበች ጋሼን መጠየቅ ጀመረች።

"ሌላ ቤት አለዎት?"

"የለኝም።"

"ባንክ ያለ ገንዘብ?"

"የለኝም ልጄ።"

"መኪና?"

"አለ" አለ ጋሼ።

ሴትዮዋ ቀና አለች። "አለ? የት ነው የቆመው?"

በመስኮቱ ወደ መንገዱ ተመለከተች። ሽማግሌውም ከወንበሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። መንገዱ ላይ ከነሱ የጭነት መኪና በቀር የቆመ የለም። መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ጭንቀት ታምቆ ነበርና ሲፈነዳ ሳቅ ሆኖ ፈነዳ። ጋሼም ገባውና ሳቀ። ቀልድ የማይሆንለት ሰው አንድ ቀን ሲሆንለት እንዴት እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ፤ ብድግ ብሎ ክዳኑን ገፈፈና፣

"መኪናዬማ ይኸውልሽ! አፍንጫሽ ሥር ነው የቆመው!" አለ።

ሴትዮዋ በሰሌዳዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ሽማግሌው ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። ለትንሽ ጊዜ እንግዳ የመጣበት ሰላማዊ ቤት መሰልን። እንዲያውም አንድ ነገር ልጣድላቸው እንዴ ብዬ አስቤ ነበር።

"ጥሩ መኪና ነው" አለ ሽማግሌው፣ ሳቁ ገና ሳያልቅ። "እንዲህ ዓይነቱ ዛሬ የት ይገኛል። ሥራ እንዴት ነው ታዲያ?"

አጠገቡ ነበርኩ። እጄን ብዘረጋ አፉን እይዘው ነበር። ግን ማን ያስባል? ይህ ጥያቄ አይደለም እኮ፣ ሰላምታ ነው። ጋሼም ለሰላምታ የሚሰጠውን መልስ ሰጠ።

"ኤዲያ፣ ምን ሥራ አለ ብለው ነው! ይኸው እንደሚያዩት ቆሟል።"

የሴትዮዋ ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። ዞር ብላ ክፍሉን አየችው። ጨርቅ የለም። ክር የለም። ግድግዳው ባዶ፣ ወለሉ የሚያበራ። ወደ መኪናው ጠጋ ብላ ክዳኑን በጣቷ ነካ አደረገች። ከዚያ ጻፈች። እኔ በትከሻዋ በኩል አየሁት፤ "የልብስ ስፌት መኪና፣ አንድ፣ የቆመ።"

ክው አልኩ።

"ኧረ ልማዱ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ልማዱ ነው እኔን! ሥራ አለው! ሁሌም እንዲህ ነው የሚለው፣ ሰፈሩን ጠይቁ!"

"እሳቸው ናቸው የተናገሩት እናቴ" አለች ሴትዮዋ። "ሥራ ካለ የሚሰፋው የታለ?"

"የሚሰፋው የታለ? ላሳይሽ የሚሰፋውን!"

እግሬ አውጪኝ ብዬ ጎረቤት ገባሁ። ፀጉር አስተካካዩ አንዱን ሰውዬ ግማሽ ጭንቅላቱን ላጭቶታል። ምንም ሳልለው ጓዳው ገብቼ የቻልኩትን ያህል ኮት አቅፌ ወጣሁ። እሱም ምላጩን እንደያዘ፣ ሰውዬውን በግማሽ ጭንቅላቱ ትቶት ተከተለኝ። ኮቶቹን የሽማግሌው እግር ሥር ዘረገፍኳቸው።

"ይኸው! ይኸው ሥራ! ሌላም አለ፣ ጓዳ ሙሉ!"

ሽማግሌው ጉልበቱን ተደግፎ ተነሳ። አንዱን ኮት አንስቶ ስፌቱን አየ። ደስ ያለው መሰለኝ። ከዚያ ግን ፊቱ ተለወጠ።

"እነዚህ የት ነበሩ?"

"ጎረቤት ነው።"

"መቼ ነው ከዚህ የወጡት?"

ሴትዮዋ ብዕሯን ይዛ ትጠብቀኛለች።

"ይጠንቀቁ እናቴ" አለ ሽማግሌው በለሆሳስ። "ልንመዘግብ እንደምንመጣ ተነግሯችኋል። ከተነገራችሁ በኋላ ከዚህ ቤት ዕቃ ያሸሸ ሰው በወንጀል ይጠየቃል። የማን ዕቃ እንደሆነ ፖሊስ ያጣራው፤ ያሸሸው ሰው ግን ዛሬውኑ ነው የሚሄደው። እኔ ከሰማሁ አልሰማሁም ማለት አልችልም። እስካሁን ግን ምንም አልሰማሁም።"

"እኔ ነኝ—" ብዬ ስጀምር ጋሼ ጮኸ።

ጋሼ ጮኾ አያውቅም። ሚስቱ የሞተች ቀን እንኳ አልጮኸም።

"አንቺ ልጅ! ዝም በይ!"

ከዚያ ጋሼ ወደ ሽማግሌው ዞረ። ድምፁ ተመልሶ ቀዝቅዟል።

"የጎረቤት ዕቃ ነው። እህቴ ደንግጣ ነው ያመጣችው፣ አትስሟት። እኔ ሥራ የለኝም ብዬዎታለሁ።"

ሽማግሌው የጋሼን አንገት አየ፤ ሜትሩ እንደተንጠለጠለ ነው። ጣቶቹን አየ፤ ልብስ የሚያሰምርበት ጠመኔ ነጭ አድርጓቸዋል። ሁሉም ገብቶታል፣ ልቤ ነግሮኛል።

"እርግጠኛ ነዎት?" አለው። "እሠራበታለሁ ካሉኝ አሁኑኑ አሰርዘዋለሁ። ግን የሚሠሩት ምን እንደሆነ መጠየቄ አይቀርም። እህትዎንም መጠየቄ አይቀርም።"

ጋሼ መኪናውን አላየም። እኔን ነበር የሚያየው። ከኔ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ፣

"ምን ሥራ አለ ብለው ነው" አለ።

ልናገር ፈለግሁ። ልናገር ነበር። የታሰርኩ እንደሆነ ታስሬ እፈታለሁ፣ መኪናው ከሄደ ግን ተመልሶ አይመጣም፤ ይህንን አውቃለሁ። ዓይኑ ግን አንገቴን ይዞኛል። እኔ፣ አፌ የማያርፈው ሴትዮ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ታዝዤ ዝም አልኩ። ዕድሜውን ሙሉ ማንም ያላመነለትን ቃል ያን ዕለት ተቀብለው፣ በወረቀት ላይ አስፈረሙት።

ተሸካሚዎቹ ገቡ። አንዱ መኪናውን በአናቱ በኩል ሊያነሳው ሲታገል ጋሼ "አይ፣ አይ፣ እንዲያ አይደለም ልጄ" ብሎ ተጠጋ። የመኪናውን ቀበቶ ከመንኮራኩሩ አወለቀላቸው። ክሩን ከላዩ ላይ ፈታ። "ከታች ያዙት፣ እግሩን። ይህቺን በር ስታልፉ አዘንብሉት፣ ትጠባለች" አላቸው። አብሯቸው እስከ ውጭ ሸኘ። የጭነት መኪናው ላይ ሲያወጡት እጁን ከታች ደግፎ ነበር። በጣቱ ዙሪያ የተጠቀለለውን ክር እንደያዘ ተመልሶ ገባና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ፀጉር አስተካካዩ አሁንም ምላጩን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። "ሂድ፣ ሰውዬህ በግማሽ ራሱ ይጠብቅሃል" አለው ጋሼ።

ያን ቀን ማንንም አልሰደብኩም።

ኮቶቹን በእጅ ልንሰፋቸው ሞከርን። እሱ በአንድ ወገን፣ እኔ በአንድ ወገን። የጋሼ ዓይን ለመኪና እንጂ ለእጅ መርፌ ገና አልጠናም፤ አንድ እጅጌ ሰፍቶ ሳይጨርስ እንባው ይወርዳል፣ እንባው ከሕመሙ ይሁን ከሌላ አልጠየቅሁትም። የሆቴሉ ሰውዬ መጣ። ደግ ሰው ነው፣ አልተናገረንም። ያለቀውንም ያላለቀውንም ቆጥሮ አስጭኖ ሄደ። ሌላ ልብስ ሰፊ ጋ እንደወሰደው ሰማሁ።

ሐራጁ ላይ እኔ ሄድኩ። ጋሼ አልሄድም አለ። ብዙ ሰው አልነበረም። መኪናውን የገዛው ምግብ ቤት ያለው ሰውዬ ነው። ሊሰፋበት አይደለም። "መግቢያው ላይ ለጌጥ ይሆነኛል፣ አበባ አስቀምጥበታለሁ" ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። የከፈለው ለተሸካሚና ለመጋዘን ወጪ ሆነና የቀረችው የወለዱን ጫፍ እንኳ አልነካችም። ዕዳው እንዳለ አለ። መኪናው የለም። ሌላ ማስጠንቀቂያም መጥቷል፣ ይኸው መሳቢያ ውስጥ ነው።

"ማን ገዛው?" አለኝ ጋሼ ስመለስ።

"አንድ ልብስ ሰፊ" አልኩት። "ወጣት ነው። ደስ የሚል።"

"እሰይ" አለ። ከዚያም፣ "ዘይት እንዳይረሳው ነግረሽው ነበር?"

"ነግሬዋለሁ ጋሼ።"

ፀጉር አስተካካዩ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ደፉ ላይ መቆም ተወ። በጎን "ደህና አደራችሁ" ብሎ ሹልክ ይላል። ጋሼ ግን በሩን በሰዓቱ ይከፍታል። ሜትሩን አንገቱ ላይ ያደርጋል። መስኮቱ ሥር በርጩማው ላይ ይቀመጣል፤ ፊት ለፊቱ ምንም የለም፣ የመኪናው እግሮች ያረፉበት ወለል ብቻ ነጥቶ ቀርቷል። ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ይረግጣል፣ ይለቃል። የሚያውቀው አይመስለኝም። ጓዳ ሆኜ ጆሮዬን እሰጣለሁ፤ ምንም አይሰማም። መምሸቱን የማውቀው ሲጨልም ነው።

ትናንት ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ረሳ። ቀኑ ብሩህ ነበር፣ ደንበኞቹ ገና ሳይከፍት በሩ ላይ ተሰልፈው ጠብቀውታል፣ ደስ ብሎታል። ሳያስበው ደፋችን ላይ ቆሞ፣

"ጎረቤት፣ እንዴት አደርክ? ሥራ እንዴት ነው?" አለ።

ብሎ ሳይጨርስ ምላሱን ነከሰ። እኔ ሻይ ይዤ ከጓዳ እየወጣሁ ነበር፣ ባለሁበት ቀረሁ።

ጋሼ ቀና አለ። ፊቱን አላጠቆረም። ፈካ ብሎ፣ ከበርጩማው ሳይነሳ፣

"ተመስገን ነው ጎረቤት" አለ። "ሥራማ ሞልቷል። ቀና የምልበት ጊዜ እንኳ አጣሁ።"

ፀጉር አስተካካዩ ባዶውን ግድግዳ አየ። እኔን አየኝ።

"እሰይ" አለ በመጨረሻ። "ይጨምርልህ።"

ከዚያ ወደ ሱቁ ገባና በሩን ዘጋ። ደንበኞቹ ውጭ ቆመው እያንኳኩ ይጠሩታል፣ እሱ ግን አልከፈተላቸውም።